ከግንዱ ላይ ቁጠሪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ዘመኑ የዲኤንኤ ነው፤ የኮሶ ትል ማህፀን መሳል ምን ያደርግልኛል?» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎ ጻፍሁልሽ።

ላቦራቶሪ በገባሁ ዓመት አንዲት እናት ኮሶ ጠጥተው የወጣላቸውን ቁራጭ በክብሪት ቀፎ ይዘው መጡ። ሰገራቸው ውስጥ እንቁላሉን አይቻለሁ፤ ግን የከብቱና የአሳማው ኮሶ ትል እንቁላላቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። የሚለየው ማህፀኑ ነው። ቁራጩን በሁለት ስላይድ መሐል ተጭኜ ጥቁር ቀለም በቀጭን መርፌ ስሰድበት፣ መሐል ላይ ግንድ፣ ግራና ቀኙን ቅርንጫፍ ያወጣ ዛፍ ታየኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ ወንድም ሴትም ነው፤ ሲበስል ግን ሌላው ሁሉ ይከስምና እንቁላል የሞላው ማህፀን ብቻውን ይቀራል። እንዲያ ያለ ውብ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ቆጠርሁና በአንድ ወገን 30 ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ አይተው ወረቀቱን መለሱልኝ። የቆጠርሁት ጫፍ ጫፉን ነበር፤ ቅርንጫፉ ደግሞ ወደ ጫፍ ሲሄድ ይከፋፈላል። ከግንዱ ሲቆጠር 17 ሆነ። የከብቱ ከ15 እስከ 20፣ የአሳማው ከ7 እስከ 13 ገደማ ነው። «የአሳማው ቢሆን 10ሩን 20 ቆጥረህ የከብቱ ነው ብለህ ትሸኛቸው ነበር» አሉኝ። የአሳማው እንቁላል በአፍ ከገባ፣ ከውስጡ የሚወጣው ያላደገ ትል (እጭ) አንጎል ውስጥ ተቀምጦ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዲኤንኤውን አላጣጥልም፤ እንዲያውም ያስገረመኝ እሱ ነው። ትንሽ ሳለሽ ከሐረር ግንብ ከፈላና በር ውጭ ጅብ ሲመገብ ትከሻዬ ላይ ሆነሽ ታዪ አልነበር? ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ11 ጅቦች 233 የታኒያ (የኮሶ ትል ወገን) ትሎች ተሰብስበው ጂናቸው ተመረመረ። ከእነሱ አንዱ፣ ታኒያ ክሮኩቴ፣ ጥሬ ሥጋ ስንበላ ለሚይዘን ለከብቱ ኮሶ ትል ለታኒያ ሳጂናታና ለእስያው ለታኒያ አሲያቲካ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የአሳማው ታኒያ ሶሊየም ደግሞ ከቡናማ ድብ ትል ጋር ተጣመደ፤ ስለዚህ ትሎቹ ወደ ሰው የተሻገሩት በአፍሪካ ብቻ ነው ማለት አልተቻለም።

አሁን ልብ በይልኝ። ጂኑ ትሎቹን በየዘራቸው ለየ። ያ አንዱ ክሮኩቴ መሆኑ የተጠረጠረው ግን ቅርጹ ታይቶ ነው፤ ሌሎቹ ቅርጻቸው ከሚታወቀው ሁሉ ጋር ስላልገጠመ አዲስ ዝርያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ቀድሞ የሣለ ሰው ባይኖር በምን ያስተያዩት ነበር?

በካርሚን ቀልሜ ያስቀመጥሁትን ስላይድ ቅዳሜ ወደ ጎንደር በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። በትንሹ ሌንስ ጀምሪ፤ ግንዱን ፈልጊና ቁጥሩን ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ ከሐረር