ዋይፋዩ ጓዳ እንዲደርስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፒያሳ የቀሩት አንዳንድ የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው። ሳሎን ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ጓዳ ስትገቡ ድራሹ ይጠፋል። ሰው ታዲያ ፍጥነት ላስጨምር ብሎ ተጨማሪ ብር ይከፍላል፤ ጥፋቱ ግን የግድግዳው ነው።

ራስቤሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽዬ ኮምፒውተር ለትምህርት ፕሮጀክት ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከረሳችኋት አውጧት፤ ጓዳ ውስጥ ዋይፋይ ማሰራጫ ትሆናችኋለች። ሞዴል 3 እና 4 ዋይፋይ አላቸው። ኢንተርኔቱን ከሚያሰራጨው ራውተር የኔትወርክ ኬብል በኮርኒሱ ስባችሁ ጓዳ አድርሱና እሷ ላይ ሰኩት፣ ከዚያ ፓይዋን ዋይፋይ እንድታሰራጭ የሚያደርጋትን ሆስትኤፒዲ (hostapd) የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭናችሁ ኬብሉንና ዋይፋዩን በብሪጅ፣ ማለትም እንደ አንድ ኔትወርክ፣ አገናኙ። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከራውተሩ ጋር አንድ ካደረጋችሁት ስልኩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያይራል። የሚያሰራጩበትን መስመር (ቻናሉን) ግን ለዩት፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራውተሩ ቻናል 1 ላይ ከሆነ ፓይዋን 6 ወይም 11 ላይ አድርጓት፣ አለዚያ ይረባበሻሉ።

አንቴናዋ ትንሽ ስለሆነች ለአንድ ሁለት ክፍል እንጂ ለግቢ አትበቃም። አዲስ ለመግዛት ለሚያስብ ደግሞ ተራ አክሰስ ፖይንት (ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የዋይፋይ ማሰራጫ) ይሻለዋል።

እባካችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ደረጃ በደረጃ በአማርኛ አውጡልን። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ጎበዝ ልጆች ሰፈራችን ሞልተዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ