ለሌለችዋ ሴትዮ ግማሽ ገጽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኦርኬስትራ መሪዋ ፊልም፣ ስለ «ታር»፣ ያወጣችሁትን አንብቤ ዓይኔን ስላላመንኩት መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩት። «የታዋቂዋ የበርሊን ሙዚቀኛ የሊዲያ ታር እውነተኛ የሕይወት ታሪክ» ይላል።

ወገኖቼ፣ ሊዲያ ታር የምትባል ሰው የለችም። ኖራም አታውቅም። ዳይሬክተሩ ቶድ ፊልድ ጽፎ ፈጠራት፣ ኬት ብላንሼት ተጫወተቻት፤ በቃ። መሸወዱ ራሱ አይገርመኝም። ፊልሙ ሲጀምር የኒው ዮርከር መጽሔቱ አዳም ጎፕኒክ ራሱን ሆኖ መድረክ ላይ ይጠይቃታል፤ የሙያ ታሪኳን ሲዘረዝር ማንም ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፊልሙ ሲወጣ ፈረንጆቹም «ሴትዮዋ የት ናት?» ብለው ኢንተርኔት ላይ ፈልገዋታል። ግን እነሱ ተመልካች ናቸው። እናንተ ጋ አርታኢ አለ ሲባል እሰማለሁ።

እውነተኛ ሴት ከፈለጋችሁ ማሪን አልሶፕ ነበረችላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የባልቲሞርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተረክባ ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ በዋና መሪነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት። ፊልሙ አስቆጥቷታል። ሥልጣናቸውን ያለ አግባብ የተጠቀሙ ስንት ወንዶች እያሉ ጥፋቱን ለሴት ማልበስ ለምን አስፈለገ ነው ያለችው። አንድ መስመር አይገባትም ነበር?

ይህን ሁሉ እንኳ በዝምታ ባለፍኩት። ያንገበገበኝ መደምደሚያችሁ ነው፦ «በአገራችን ግን ፊት ቆማ በእጇ ሙዚቃ የምትመራ ሴት ታይታ አትታወቅም።» ማን ነው ያላየው? ሀዋሳ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ኳየር መምራት ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ያስተማረችኝም ሴት ናት።

ኦርኬስትራ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ያለን አንድ ኪቦርድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ እሱም የለም። ሥራው ግን ያው ነው። ቀኝ እጅ ምቱን ይይዛል፣ ግራው አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሶፕራኖዎች ሲሮጡ ትመልሻቸዋለሽ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባሶች ሲያንቀላፉ በዓይን ትቀሰቅሻቸዋለሽ። ሴትዮዋ በፊልሙ የምታለማምደው የአቀናባሪው የማህለር አምስተኛ ሲምፎኒ በአንድ ትራምፔት ብቻ ይጀምራል። የእኛ ክረምት ላይ የሚጀምረው ቆርቆሮ በሚደበድብ ዝናብ ነው፤ ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸውን ሴቶች፣ አልቶዎቼን፣ ከከንፈራቸው ነው የማነባቸው። መብራት የሄደ እንደሆነ አንዱ ልጅ የስልኩን መብራት እጄ ላይ ያበራል፤ ፊቴን አያዩም፣ እጄን ብቻ። ደግሞ ያን ዕለት ነው አሳምረው የሚዘምሩት!

ኦርኬስትራ በተነሳ ቁጥር በንጉሡ ዘመን ስለመጡት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ስለ አርባ ልጆች፣ ስለ አርመናዊው የሙዚቃ ቤተሰብ ስለ ናልባንዲያኖች ትጽፋላችሁ። እሰየው፣ ይጻፍ። ብቻ ታሪኩ አንድም ቀን ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያድርም።

አንድ ጊዜ አዳራሽ ልንለምን ሄጄ ሙያዬን «ኮንዳክተር» ብዬ ባስመዘግብ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ «የየትኛው ባስ?» አለኝ። በሱ ሳቅኩ። በእናንተ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩም። ከስድስት ዓመት በፊት የመዝሙር ምሽታችንን ፎቶ አወጣችሁ፤ ጀርባዬ ይታያል፣ ሁለት እጆቼ ወደ ላይ ናቸው። ከሥሩ ምን ተጻፈ? «አንዲት እናት መዘምራኑን ሲያበረታቱ»። ያኔ እንኳን ልጅ ባልም አልነበረኝ።

እንግዲህ ማረሚያ አውጡ። ሊዲያ ታርን ፍለጋ በርሊን ድረስ መሄድ ስለማይኖርበት ፎቶ አንሺያችሁ ጊዜ አያጣም ብዬ አስባለሁ። ቅዳሜ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ልምምድ አለን። ሲመጣ ግን ከመዘምራኑ በስተኋላ ይቁም፤ የመሪ ፊት የሚታየው ከዚያ በኩል ነው።

የኳየር መሪዋ፣ ከሀዋሳ