ያን ቀን አይተውኝ ነበር?

ይድረስ ለአባዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ነው የሚያነብልዎት። አንተ ልጅ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘል። የሚከብድህ ቦታ ቢኖርም አንብበው።

ባለፈው ስልክ ላይ ድምፅዎ ደክሞብኝ ነበር። «ዓይኔን ትንሽ ጭጋግ ለብሶታል» ብቻ ነው ያሉኝ። ደጃፍ ላይ ድንጋይ ሳያዩ ቀርተው መውደቅዎን የሰማሁት ከወንድሜ ነው። ለምን አልነገሩኝም አባዬ?

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ 7ኛ ክፍል ገብቷል፤ ቁመቱ እኔን ሊያልፈኝ ነው። ትንሿ ፊደል ጨርሳ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ የሱቅ ስም፣ የባጃጅ ጽሑፍ፣ የዘይት ጀሪካን። እሁድ ዕለት እዚህ ባህር ዳር አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። 380 ሜትር ነው አሉ። እርምጃዋን እየቆጠረች መሃል ላይ ጠፋባትና ተመልሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። በግንቦት 2016 ሲመረቅ «አንድ ቀን መጥቼ አየዋለሁ» ብለውኝ ነበር። እስካሁን አልመጡም።

ስለ ልጆቹ ብዙ የምጽፈው ሌላው ነገር ስለከበደኝ ነው።

ስለ እኔ ኑሮ የሰሙት ሁሉ ከሰው ነው። አንዴ ከራሴ ይስሙ። የልጆቹ አባት ጥሎን ሲሄድ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ሽምብጥ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሰው ልብስ አጥብ ነበር። የሰፈሩ ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ለሴፍቲኔት፣ መንግሥት ችግረኛን እያሠራ ለሚከፍልበት፣ ሰው ሲመዘግብ ጎረቤቴ ናት ስሜን ያስጻፈችው። እኔ አፍሬ ተደብቄ ነበር። ከዚያ መጥረጊያና አንጸባራቂ ሰደርያ ሰጡን። መንገድ ጠረግን፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፣ ዘንባባው ስር አበባ አጠጣን። ከክፍያው 20 በመቶው በስሜ ይቆጠብ ነበር። ያኔ ያቺን 20 በመቶ ስረግማት ነበር፣ ምክንያቱም በወሩ መጨረሻ ዘይት የምገዛበት የለኝም። በኋላ ግን ምጣድና ጤፍ የገዛሁት በእሷና ስናበቃ በሰጡን የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው።

በሴፍቲኔት መግባቴን ስነግርዎ ያሉኝን ያስታውሳሉ? «ስማችንን በከተማው አታስነሺ» ነው ያሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ አጥር ስር እየጠረግሁ ነበር። ጀልባው ደርሶ የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል። እርስዎ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላዎን ይዘው። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ፊትዎን ወደ እኔ አዞሩ። ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ አለፉ። ልጠራዎት አፌን ከፍቼ ድምፄ አልወጣም። መጥረጊያውን ከኋላዬ ደብቄ ከዓይኔ እስኪጠፉ ቆሜ አየሁዎት።

አራት ዓመት ሆነው አባዬ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምህረት ዘጌ ሳልመጣ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ለዚህ ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የእርስዎን ሁኔታ ለአንዲት የዓይን ነርስ ሳማክራት ሞራ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ሞራ በአንድ ቀን አይመጣም፣ ቀስ እያለ ዓመታት ይወስዳል፣ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው የሰው መልክ መለየት ያቅተዋል አለች። እኔ ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ያን ጊዜም ጀምሮዎት ቢሆንስ? ወደ እኔ ሲዞሩ ያዩት ሰደርያ ብቻ ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ አራት ዓመት ሙሉ በማያውቁት ነገር አኩርፌዎታለሁ። አይተውኝ ከሆነም ይንገሩኝ። እችለዋለሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ ግን እኔም አላውቅም።

በልጅነቴ ደብተሬ የሚገዛው በቡና ነበር። እኛ ሰፈር እርሻ የለም፤ እርስዎ ከጫካው ፍሬ በፍሬ ለቅመው ነው ያስተማሩኝ። ገና 4ኛ ክፍል ሳለሁ «ይቺ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ትገባለች» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። አልረሳሁትም። መንገድ እየጠረግሁ ማታ ማታ አካውንቲንግ ተማርኩ፣ ጎረቤቴ ልጆቹን እያቆየችልኝ። ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ፈተናውን፣ በመጀመሪያው ወድቄ በሁለተኛው አለፍኩ፣ ደረጃ 4 ጨረስኩ። አሁን የአንድ ማህበር ሂሳብ እይዛለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ለዲግሪ በኤክስቴንሽን ተመዘገብኩ። ፔዳ ነው አባዬ። ለማንም ከመናገሬ በፊት ለእርስዎ ልነግር ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጤና መድህን ደብተርዎ ካልታደሰ ነገውኑ ይታደስ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ያጽፉ፣ ያለ ሪፈር መድህኑ አይሠራም። ቀዶ ህክምናውን አይፍሩ። የደፈረሰውን አውጥተው በቦታው ትንሽ ሌንስ ይተካሉ፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ጸበሉንም አይተዉ፤ ግን «በጸበል ይለቀኛል» ብለው ህክምናውን እንዳያስቀሩብኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ነው የሚያገግሙት። አልጋው ተዘጋጅቷል፣ ትልቁ ልጅ መሬት እተኛለሁ ብሏል።

ማክሰኞ በጠዋቱ ጀልባ ይምጡ፣ ወንድሜ ይዞዎት ይምጣ። እኔ ጀልባው ማቆሚያ እጠብቃለሁ። እንዳይፈልጉኝ፤ እኔ እጠራዎታለሁ፣ ጮክ ብዬ።

ጋቢዎን ደርበው ይምጡ፣ ጠዋት ጣና ላይ ይበርዳል።

ልጅዎ