አባባን ለመለሳችሁልን ሁሉ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በመላው ቤተሰባችን ስም ነው። አባታችን የግራ አንገቱ የደም ቧንቧ ጠቦ ነበር። ቀኝ እጁ ድንገት ይዝልበታል፣ አንደበቱ ይያዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይለቀዋል። ስትሮክ አፋፍ ላይ ነበር። አሁን ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ ቤቱ ገብቷል። ፈጣሪ ይመስገን።

ቧንቧውን ከፍተው ውስጡ የተጋገረውን ስብ ያወጡለትን ሐኪም አመስግነን አንጠግብም። ዛሬ ግን በተለይ ላመሰግን የምፈልገው በሽተኛው ስማቸውን እንኳ ሳያውቅ የሚያልፋቸውን ነው፤ የአንጎልን ምስል የሚያነሱትንና የሚያነቡትን።

የመጀመሪያው ምርመራ የነገረን ቧንቧው ክፉኛ መጥበቡን ነው። ቧንቧ ጠበበ ማለት ግን አንጎል ደም አጣ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰው በሌሎች ቧንቧዎች በኩል በቂ ደም ያገኛል። አባባ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ የፐርፊዥን ሲቲ ስካን፣ ማለትም ደም ወደ አንጎል እንዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ ምርመራ ታዘዘለት። ደሙን በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርግ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ በክንዱ ተሰጠው። ማሽኑም ኮንትራስቱ አንጎል ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ በተከታታይ ምስል አነሳ።

ምስሉን ያነበቡት ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቷ፣ ስክሪኑ አጠገብ አስቀምጠው አሳዩን። እንዲህ ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ሐኪም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በግራ በኩል ደሙ ዘግይቶ ይደርሳል። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ለማካካስ ሰፍተዋል። ቧንቧ የሚያሰፋ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት ሰጥተው ምርመራውን ሲደግሙት በጤነኛው ጎን የደሙ ፍሰት ጨመረ። የታመመው ጎን ግን ምንም አላለም፤ ከዚያ በላይ የሚሰፋበት አቅም አልነበረውማ። «አንጎሉ አልተጎዳም፤ መጠባበቂያው ግን አልቋል» አሉን።

እንደ አባባ ምልክት የታየበት ከባድ ጥበት ያለበት ሰው ከቀዶ ሕክምና እንደሚጠቀም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትልልቅ ጥናቶች ይታወቃል። ይህ ምስል የጨመረልን ሌላ ነገር ነው። መጠባበቂያው ያለቀ አንጎል፣ ቧንቧው ሲከፈት ደሙ በአንዴ ሊበዛበት ይችላል። ያ ከባድ ራስ ምታት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም የአንጎል ደም መፍሰስ ያመጣል። ሐኪሞቹ ይህን ቀድመው ስላወቁ ከመጀመሪያዋ ሰዓት አንስቶ የደም ግፊቱን ጠብቀው ያዙት።

እናንተ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች፣ ሌሊቱን ሙሉ ግፊቱን ስትለኩ፣ «አባባ፣ ራስዎን ያምዎታል? እጄን ጭብጥ ያድርጉት» እያላችሁ ስትጠይቁት ሰምተናል። ድካማችሁን አይተናል። የማደንዘዣ ባለሙያዎቹ፣ አባባ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ፈርቶ ያባበለው የሲቲ ቴክኒሺያን፣ አልጋውን የገፋችሁ፣ በር ላይ ያጽናናችሁን፣ ሁላችሁም ውለታችሁ አለብን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተነሳው ምስል ደሙ በሁለቱም ጎን እኩል ሰዓት ይደርሳል። አባባ በቀኝ እጁ ይጽፋል፣ የልጅ ልጆቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈላችሁ፤ እጃችሁን ይባርክ።

መላው ቤተሰብ