የናፍጣ ስቴሽን ዋገን ዳገት ላይ ይፈተን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ ያረጁ መኪኖቻቸውን በናፍጣ ስቴሽን ዋገን ለመተካት ያሰቡ የባሕር ዳር ድርጅቶች የሚገዙት ያገለገለ ነው። ያገለገለ መኪና ደግሞ ጣና ዳር አንድ ዙር በመንዳት አይታወቅም።

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ በጠዋት ሂዱ፤ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሲነሳ ነጭ ጭስ ብቅ ብሎ ቢጠፋ ግድ የለም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጩ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ያጠራጥራል።

ዋናው ፈተና ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዳገት ነው። አራት ሰውና ዕቃ ጫኑ፤ ባዶውን ማንኛውም መኪና ይወጣዋል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ያጣል። ቱርቦ ያለው ጥቁር ጭስ እየተፋ ከደከመ የአየር ቱቦው እንዳልተሰነጠቀ እዩ፤ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተርም አስመርምሩ። በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡት ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከጮኸ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አልቋል።

ፍጆታውን በዳሽቦርዱ አትመኑ። እስከ አፉ አስሞሉ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ንዱ፣ እዚያው ማደያ መልሳችሁ አስሞሉና የገባውን ሊትር ለተጓዛችሁት አካፍሉ።

የጭስ ማጣሪያ ያለውን ሞዴል ለከተማ ሥራ ባትመድቡት እመርጣለሁ። ማጣሪያው ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ረዥም መንገድ ላይ ሲግል ነው፤ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ይደፈናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር