ልጁ ዳነ?

ይድረስ ለአባባ፣ ድሬዳዋ

ለጤናህ እንዴት ነህልኝ? እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ሳወራህ ግማሹን አትሰማም። ግማሹን ደግሞ የሰማህ መስለህ ‹‹አቦ ይሁን፣ ይሁን›› ትልና ትዘጋብኛለህ። ይሄን ግን ወንድምጋሼ ቁጭ ብሎ ያነብልሃል። ወንድምጋሼ፣ ስታነብለት እንዳታሳጥር። ስለ አንተ የተጻፈ ቦታ ላይ ስትደርስም እንዳትዘል።

ነገሩ የፊልም ነገር ነው።

ቅዳሜ ማታ ቤታችን ሰው እንደሚሰበሰብ ነግሬሃለሁ። ሁለት የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ከነሚስቶቻቸው ይመጣሉ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ብቻዋን ትመጣለች፤ እሷ ብቻዋን ሦስት ሰው ናት። ሶፋው አራት ሰው ነው የሚይዘው። የቀረነው ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ፈንዲሻ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ለሚጠጣ ቢራ አለ። ፊልሙን በየተራ ነው የምንመርጠው። ካለዚያማ ወንዶቹ በየሳምንቱ መኪና ሲገለባበጥ ያሳዩን ነበር።

ሁሉም የራሱ አመል አለው። አንደኛው የሚሆነውን ቀድሞ ካልተናገረ አይሆንለትም፤ ‹‹ይሄ ሰውዬ ነው ገዳዩ፣ ምን በሉኝ›› ይላል፤ ሰውዬው ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ሚስቱ ዓይኗን ከስልኳ አታነሳም። ግን ሁሉም ሲስቅ ትስቃለች። ባለቤቴ ደግሞ ሀያ ደቂቃ አይሞላውም፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። መጨረሻው ላይ ብንን ይልና ‹‹ማን ሞተ?›› ብሎ ይጠይቃል። እስከ በቀደም ድረስ አንድም ፊልም ሙሉውን አይቶ አያውቅም ነበር። ስለ ሁሉም ግን አስተያየት አለው።

በቀደም አንድ ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር። ‹‹ማዘር ኢንዲያ›› አልኳቸው።

ጩኸቱን ብትሰማ! ‹‹የህንድ ፊልም! ያውም የ1957፣ በፈረንጅ!›› አለ ያ ቀድሞ የሚናገረው። 172 ደቂቃ እንደሚፈጅ ሲሰማ ደግሞ ጃኬቱን ሊያነሳ ምንም አልቀረው። እኔ ምን ብዬ ብመካ ጥሩ ነው? ‹‹ይሄን ፊልም አባቴ ተርጉሞልኝ ነው ያደግኩት። አምስቴ አይቼዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው›› አልኩ። ባለቤቴ በፍላሽ አምጥቶት ስለነበር ሌላ ምርጫም አልነበረም።

አባባ፣ ያንን ዴክ ትዝ ይልሃል? እኔ እንደ ትናንት ነው የማስታውሰው። ከጅቡቲ ስትመለስ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አመጣኸው። ፊናንሶቹ ባቡሩ ላይ ሲወጡ አንተ ራስህ ቲኬት ተቆጣጣሪ ሆነህ እንዴት እንዳሳለፍከው እስከ ዛሬ አልነገርከንም። እማዬ ለሦስት ቀን አኮረፈችህ። በአራተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ በር ላይ ወጣ። ሰሌን ተነጠፈ፣ ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ገባ። ያ የሚያዝያ ሙቀት ማታም አይበርድም። አሸዋው ላይ ውሃ እንረጭ ነበር። ካሴቱ የህንድ ነው፣ ከሥሩ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለው። ከዚያ ሁሉ ሰው ፈረንሳይኛ የሚያነበው አንተ ብቻ ነበርክ። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ ፈረንሳይኛውንም አብሮ አውርዶት ሄዷል ትል ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና በአማርኛ ትተረጉማለህ። ለእነ አደ ቤት ኦሮምኛ ጣል ታደርጋለህ፣ ለባለሱቁ ሶማልኛ። ሚስትዬዋን ስትሆን ድምፅህ ይቀጥናል። አራጣ አበዳሪውን ስትሆን ደግሞ ሁልጊዜ ያንን የማትወደውን አለቃህን ታስመስላለህ። ዘፈን ሲመጣ ‹‹ይሄ አይተረጎምም፣ ቡና ቅጂ›› ትላታለህ እማዬን።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ተንጫጩ። ባልየው ከድንጋይ ሥር ሁለት እጁን ሲያጣ ቀስ እያሉ ዝም አሉ። ሴትዮዋ በበሬ ፋንታ ማረሻውን በራሷ ትከሻ ስትጎትት ደግሞ ዘወር ብዬ ባለቤቴን አየሁት። አልተኛም! ቁጭ ብሏል። ፊቱ ላይ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል፣ እጁ የፈንዲሻው ሳህን ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው፣ ታውቀዋለህ። ‹‹ሞፈሩ እንዲህ አይያዝም›› አለ ቀስ ብሎ። ሌላ ምንም አላለም።

(በነገራችን ላይ እኔ አንተን ‹‹አንተ›› ስልህ እስከ ዛሬ ይደነግጣል። አባቱን ‹‹እርስዎ›› ሲል ነው ያደገው። ‹‹ድሬ አንቱታ አይሠራም፣ ይሞቃል›› አልኩት።)

እና መጨረሻው ደረሰ። ያ ልበ ደንዳናው ልጅ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሲሸሽ፣ እናቱ ጠመንጃ ይዛ ፊቱ ቆመች። አነጣጠረች። እና መብራት ጠፋ።

ከየፎቁ የልጆች ‹‹ኡኡ›› ተሰማ። አንዱ የስልኩን መብራት አበራ፣ እኔ ሻማ ፈለግኩ። ‹‹በቃ ንገሪን፣ በቃሌ አውቀዋለሁ አላልሽም?›› አለች ጓደኛዬ። ነገርኳቸዋ! ልክ እንዳንተ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ተኮሰች፣ አልኳቸው። ግን እናት ናት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ጥይቱ ጭኑን ነው ያገኘው። አክተር ደግሞ አይሞትም። የመንደሩ ሴቶች በቃሬዛ አነሱት። እናቱ አርባ ቀን አጠገቡ ሳትለይ በሾርባና በቅቤ አስታመመችው። ዳነ። ሽማግሌ ተላከ፣ ከአራጣ አበዳሪው ጋር ታረቁ፣ ሠርጉ በዝናብ ተደረገ። አንተ ታደርገው እንደነበረው ዝናቡ ላይ ስደርስ በጥፍሬ በርጩማውን መታ መታ አደረግኩት። ጓደኛዬ ዓይኗን ስትጠርግ በሻማው ብርሃን አይቻታለሁ። ‹‹ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ድሮ ቀረ›› አለ ጃኬቱን ሊያነሳ የነበረው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። እስቲ መጨረሻዋን እንያት ተባለ። ካቆመበት ቀጠልን።

ተኮሰች። ልጁ ወደቀ። እናቱ እቅፍ ውስጥ ሞተ።

ሞተ፣ አባባ። ቃሬዛ የለም፣ ሾርባ የለም፣ ሠርግ የለም። ወደ መንደሩ የመጣው ውሃ እንኳ ቀልቶ ነው የሚታየው። ሁሉም ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። ለጥቂት ሴኮንድ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ባለቤቴ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊልም ያየው ሰውዬ፣ ‹‹ማን ሞተ?›› ብሎ ጠየቀኝ። ሳቁ ከታች ፎቅ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። አሁን ስሜ ‹‹ተርጓሚዋ›› ሆኗል።

ያቺ ጓደኛዬ እዚያው ስልኳ ላይ ስታገላብጥ ሌላ ነገር አገኘች። እናትየዋን የሠራችው ናርጊስና ልጇን ሆኖ የሠራው ሱኒል ዳት እኩያ ናቸው። ሁለቱም በ1929 በፈረንጅ ሰኔ፣ በአምስት ቀን ልዩነት የተወለዱ። ቀረጻ ላይ እሳት ሲከባት ገብቶ ያወጣት እሱ ነው። በዓመቱ ተጋቡ! እማዬ ይሄን ብትሰማ ‹‹ከልጇ ጋር? በስመአብ!›› ብላ ታማትብ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሠርጉ እንዴት እንደነበር ትጠይቅሃለች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን ሳጥብ ነው ነገሩ የገባኝ። አምስቴ ያየሁት ፊልም መጨረሻውን እንዴት አላየሁትም? አስታወስኩ። ልክ ጥይቱ ሲተኮስ ትነሳና ዴኩን ታጠፋዋለህ። ‹‹ከዚህ በኋላ ሽሪቱ ተበልቷል፣ በአፌ ልንገራችሁ›› ትላለህ። አምስቱንም ጊዜ። እኛ ልጆቹ አመንንህ። ትልልቆቹም አመኑህ።

ግን አባባ፣ ሽሪቱ አልተበላም ነበር። መጀመሪያ ዴኩን ያመጣህ ሌሊት እማዬ ኩርፊያዋ ላይ ሆና ቀድማ ተኝታለች። አንተ ከሁለት የባቡር ጓደኞችህ ጋር ድምፁን ቀንሳችሁ አያችሁት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የተኛሁ መስዬ ነበር። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሰምቻለሁ። ከዚያ ብዙ ሰዓት ማንም አላወራም። አንተ አፍንጫህን ስትናፈጥ ሰማሁ፣ ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ዓመቱን ደግሞ ቆጠርኩት። 1980 ነው። ወንድምጋሼን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ዓመት አልፎት ነበር። የአፋቤት ሽንፈት ወሬ በሹክሹክታ ድሬ የደረሰው በዚያው መጋቢት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልመጣም። በካኪ የተነሳው ፎቶው ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑን በር ላይ ስታወጣው ፎቶውን አንስተህ አልጋ ላይ ታስቀምጠዋለህ። እማዬ ደግሞ መልሳ ታመጣዋለች፣ ‹‹እሱም ይይ›› ትላለች። ቡናዋን እየቀዳች ፊልሙን በጎን ነው የምታየው። ጥይቱ ሲተኮስ ጀበናውን እንደያዘች ትቀርና ትጠይቅሃለች፦

‹‹ልጁ ዳነ?››

‹‹ዳነ›› ትላታለህ።

አምስቱንም ጊዜ ጠየቀችህ። የተነገራትን መጨረሻ እያወቀች። እኔ ያኔ እማዬ ትረሳለች ብዬ ነበር የማስበው።

ወንድምጋሼ በ1983 ክረምት ግንባሩ ተቃጥሎ፣ በሰው ሸበጥ ቤት ሲገባ፣ እማዬ በሩ ላይ ምን እንዳደረገች እናንተ ስለምታውቁት አልጽፈውም። እሷ ራሷ ግን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመሞቷ በፊት የነበረው ፋሲካ ላይ ሽንኩርት አብረን ስንከትፍ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ‹‹አባትሽ ሲተረጉም አይችልበትም፣ ሲዋሽ ግን ያምርበታል›› አለችኝ። ስለ ዴኩና ስለ ፊናንሶቹ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። ታውቅ ነበር ማለት ነው? ማን ነገራት? ከሁለቱ ጓደኞችህ አንዱ ይሆን? ወይስ አንተ ሥራ ስትሄድ ብቻዋን አየችው? ዴኩን ማብራት እንደምትችል አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳየኋት። ይሄን ነው የምጠይቅህ። እኛ ሳናውቅ ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ? በስልክ ‹‹አቦ ተይኝ›› እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው በደብዳቤ ያደረግኩት። መልሱን በወንድምጋሼ አስጽፈህ ላክልኝ።

እዚህ ቤት አዲስ ሕግ ወጥቷል። የማንም ተራ ቢሆን ፊልሙ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያቆሙታል። ከዚያ እኔ መጨረሻውን በአፌ እናገራለሁ። ቀጥሎ እውነተኛው ይታያል። ያ ቀድሞ የሚናገረው ሰውዬ ባለፈው ‹‹ያንቺ ይሻላል›› አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል። ባለቤቴም መተኛቱን ሊተው ምንም አልቀረው። ዘንድሮ ለጥምቀት ስንመጣ አንዱን ምሽት በር ላይ እናወጣዋለን። አንተ ብቻ በርጩማህን አዘጋጅ።

የዓይንህን ነገር አደራ። ሐኪሙ የሞራው ቀዶ ጥገና ቀላል ነው ብሏል፣ ቀጠሮውን እንዳታሳልፍ። ሙቀቱ ሲበረታ በቀትር ከዚራ ሰፈር ድረስ በእግርህ አትሂድ፣ ባጃጅ ያዝ። ያ ጣፋጭ ሙሸበክ ደግሞ ስኳር እንዳለብህ አይረሳም። ወንድምጋሼ ደብቆ እንደሚገዛልህ ሰምቻለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ፍላሽ አለ። ‹‹ማዘር ኢንዲያ›› ሙሉው ነው፣ አልተቆረጠም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ያንተ ፈረንሳይኛ አይጠቅምም። ዓይንህም ገና ነው። ስለዚህ አንተ ተቀመጥ፣ ወንድምጋሼ አጠገብህ ሆኖ ይተርጉምልህ። መጨረሻው ላይ ምን እንዳለህ ደውለህ ንገረኝ።

ልጅህ፣ ከአዲስ አበባ