መኪናው ከፍ ስላለ ብቻ ትልቅ ጎማ አይገባም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰው ሁሉ ትልቅ ጎማ ዝም ብሎ የሚገባለት ይመስለዋል። አይገባም! ቆሞ ሲታይ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ከኋላ ዕቃ ተጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ግን ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ይተኛና ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ መፋቅ ይጀምራል። መካኒኮቻችን ደግሞ (ሁሉም አይደሉም) ቶሎ ብለው ቆርቆሮውን መቁረጥ ይወዳሉ። መጀመሪያ አንዱን የኋላ ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥቶ የት እንደሚነካ ማየት ነው እንጂ። አክሰሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) ወደ ላይ ሲሄድ የሚገታውን ጎሚኒ ረዘም ባለ መቀየር ብዙ ጊዜ መፋቁን ያስቀራል፤ ግልቢያው ትንሽ ቢደርቅም። አክሰሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርም ይታይ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የጎማው ቁመት 10 በመቶ ከጨመረ፣ የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 110 ገደማ እየሄደ ነው። ይህን ለደንበኛ የሚነግር ጋራዥ ግን ስንቱ ነው?

አንድ አንባቢያችሁ